ባለታኮዋ የቧንቧ ሠራተኛና ሌሎች እግረ መንገዶች

ለተከበሩ የምንኖርበት ሕንፃ ባለቤት
ባሉበት፤ ምናልባትም በዚህ ሰዓት ደረጃችን ላይ

ጉዳዩ፦ አንኳኩቶ ስለ መግባት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ነገር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ውስጥ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እንደ እርስዎ የሚመላለስ ሰው ጉልበቱን ቢያመው የሚፈረድበት አይደለም፤ የእርስዎ ጉልበት ግን ምስጋና ይግባውና ከእኔም ይበረታል። እኔ ደረጃውን የምወጣው ወደ ቤቴ ስገባ ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ወደ ሰው ቤት ሲገቡም ይወጡታል። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎት፤ ደረጃውንም ያቆይልዎት።

ማን እንደጻፈልዎት ግራ እንዳይገባዎት፣ እኔ የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። በድምፄ እንዳላስታውስዎት፣ ድምፄን ሰምተውት አያውቁም፤ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ማለቴ ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ። ይልቅስ ቤቱ የገባን ቀን «ይቺ ልጅ አፍ የላትም እንዴ?» ብለው የጠየቁላት ልጅ ብልዎት ሳያስታውሱኝ አይቀሩም። እናቴ መጋረጃ በእጇ፣ ስፒል ደግሞ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር አልመለሰችልዎትም፤ እርስዎም «እናትም ልጅም አፍ የላቸውም፤ ተከራይ ማለት እንዲህ ነው» ብለው ደስ ብሎዎት ወረዱ። ለምስጋናው ዘግይቼም ቢሆን አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት እርስዎን ሰው ፊት ለማሳጣት አይደለም። ሰሌዳው የእርስዎ ነው፤ «ደረጃ ላይ መሮጥ ክልክል ነው» እና «ደረጃ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚሉት ማስታወቂያዎችዎ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ከመካከላቸው ለእኔም ትንሽ ቦታ ባትጠፋ ብዬ ነው። በዚህ ሳምንት በአካል ልነግርዎትም ሞክሬ ነበር። ንግግሬን መስተዋት ፊት ቆሜ አጥንቼ፣ እርስዎ በሕንፃው በር ሲገቡ «ደ…» ብዬ ጀመርኩ፤ «ምን አልሽ?» ሲሉኝ «ደህና ዋሉ» ሆኖ አለቀ። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት «ምን አልሽ?» አይልም።

ቅሬታዬን ከመደርደሬ በፊት ምስጋና ይቅደም። ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት እንደ አረዳድዎ ናቸው።

እዚህ ሕንፃ ከመምጣታችን በፊት የምንኖረው ከከተማው ጫፍ ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት ለመድረስ ታክሲ መሳፈር ግድ ነው። መሳፈሩ ቀላል ነው፤ ከባዱ መውረዱ ነው። ሰው ከታክሲ የሚወርደው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ» ሲል ብቻ ነው። ሁለት ቃል ናት። እኔ ግን ቤት ተለማምጄያት፣ መንገድ ላይ አላምጬያት፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ሲታይ ጉሮሮዬ ላይ ትሰነቀራለች። አንዳንድ ቀን ረዳቱ ራሱ አዝኖልኝ ይሁን ደብሮት «ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም ከኋላ ወንበር አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ የአንገት ድምፅ ግን ፊት ድረስ አይሰማም። እዚያ ቦታ የሚወርድ ሌላ ሰው ከሌለ እስከ መጨረሻው እሄድና በእግሬ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያረፈደ ተማሪ ክፍሉ ፊት ቆሞ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያደርግ ነበር። ወራጅ ማለት ያቃታት ልጅ ወራጅ ማለት እንዳቃታት ቆማ ታስረዳለች? አርፍዶ ከመግባት መቅረት እየቀለለኝ ሄደና በመጨረሻ ቀረሁ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «አሟት ነው» ትል ነበር። ታዲያ ምን ትበል፣ ምስኪን።

የእርስዎን ማስታወቂያ ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። «ሞቅ ያለ ሰፈር፤ ሁሉም ነገር በእግር የሚደረስበት» ይላል። እናቴ አነበበችልኝና ምንም ሳትጨምር መልሳ አነበበችልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የስፌት ማሽኗን ደረጃው ላይ እየገፋን ነበር። አንደኛውን ጫፍ የያዙልን እርስዎ ነበሩ፤ ያንን አልረሳሁትም።

ማስታወቂያዎ ውሸት አልነበረበትም። ከሕንፃው በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር አንድ ቃል ሳልናገር እደርሳለሁ። ታች ያሉት ጫማ ሰፊ ገና ከደረጃው ስወርድ ቀና ብለው «የኔ ልጅ፣ ሰላምታሽ ደርሶኛል» ይሉኛል፤ እኔ ሰላም ሳልላቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ አለ፤ መስተዋቱ ወደ መንገድ ስለዞረ የሚላጨው ሰውዬና እኔ በየቀኑ ዓይን ለዓይን እንጋጫለን። ብርቱካኗን እንደ ግንብ የምትደረድር ሻጭ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ለእናቴ የልብስ ቁልፍና ክር የምገዛበት ሱቅ፣ ቆሞ ማንበብ የማይከለክል መጽሐፍ ሻጭ፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ናቸው። መጽሐፍ ሻጩ ሕግ አለው፤ «ገጹን ካላጠፍሽው ጨርሺው፤ ካጠፍሽው ግዢው» ይላል። አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው የገባኝ። ጭር ባለ ሰፈር ዝም ያለ ሰው ጎልቶ ይታያል፤ ሞቅ ባለ ሰፈር ግን ዝምታዬን የሚያይብኝ የለም። ሁሉም ስለሚያወራ የእኔን ድርሻ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም። ትምህርቴን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ እናመሰግናለን፤ እናቴም እኔም።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዎቹ ልለፍ።

አንደኛ። ሁሉም ነገር በእግር የሚደረስበት ሲባል፣ ቤታችንም በእግር ከሚደረስባቸው ነገሮች አንዱ መሆኑን ስንፈርም አልተረዳንም ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። እርስዎ በመጡ ቁጥር «እግረ መንገዴን ነው፣ አትነሡ፣ አትነሡ» ይላሉ። እኛም አንነሣም። ግን አንድ ጥያቄ በትሕትና ላቅርብ። እግረ መንገድ ማለት፣ አስተማሪያችን እንደነገሩን፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ በዚያው ጎራ ማለት ነው። እኛ ያለነው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። ወዴት ሲሄዱ ነው እኛ ጋ ጎራ የሚሉት? የሚሄዱበት ሩቅ ከሆነ ስንቅ እንድንቋጥርልዎት ብዬ ነው።

ሕንፃው ውስጥ «ጋሽ እግረ መንገድ» የሚል ስም ወጥቶልዎታል። ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ማን እንዳወጣው ብጠየቅ ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ አፍ የለኝም።

የቁልፉም ጉዳይ እዚሁ ውስጥ ይጠቃለላል። የቤቱ ባለቤት ስለሆኑ የራስዎ ቁልፍ አለዎት፤ ይህም ለድንገተኛ ነገር፣ ለእሳት ወይም ለጎርፍ፣ ጠቃሚ ነው። እርስዎ ግን እሳቱ እስኪነሣ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም፤ በጥንቃቄ ቀደም ብለው ይመጣሉ። አልፎ አልፎ ማንኳኳትዎንም መካድ አልችልም፤ ከገቡ በኋላ፣ ከውስጥ በኩል፣ በሩ ጠንካራ መሆኑን ለመሞከር። አንድ ቀን ፀጉሬን በሳሙና አረፋ ሸፍኜ ሳለሁ ገብተው «አይዞሽ፣ አላየሁሽም» አሉኝ፤ ከዚያም ቆመው ስለ ሳሙናው ጥራት አስረዱኝ። ያን ቀን ፀጉሬን ሳላለቀልቀው ደረቀ። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ያፈሳል። ይህን ስል አዲስ ነገር አልነገርኩዎትም፤ እናቴ በነገረችዎት ጊዜ ጎንበስ ብለው አይተውት «ይሄ ምንም አይደል፣ ራሱ ይደርቃል» ብለዋል። ውሃ ራሱ እንደሚደርቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚህኛው ችግር ከመድረቁ በፊት ሌላው መምጣቱ ነው። ሥሩ ባልዲ አስቀምጠናል። ባልዲው ሲሞላ የሚያሰማውን ድምፅ ስለለመድኩት፣ መጽሐፍ እያነበብኩም ቢሆን ከመፍሰሱ በፊት አውቃለሁ። ይህን ሙያ ያገኘሁት በእርስዎ ነው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን አንድ ተስፋ ሰጪ ነገር ተጀመረ። «እግረ መንገዴን የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ መጣሁ» ማለት ጀመሩ። እናቴ ከማሽኗ ተነሥታ «እሰይ፣ እግዜር ይስጥልን» አለች። መጀመሪያ ያመጡት ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነበር። ወጥ ቤት አልገባም። በመስኮት ወደ ታች እያየ «መኪና የት ነው የሚቆመው?» ብሎ ጠየቀና ሄደ። ምናልባት የቧንቧ ዕቃውን መኪና ውስጥ ረስቶ ይሆናል ብለን ጠበቅነው። ቀጥሎ ያመጧቸው ደግሞ ባልና ሚስት የቧንቧ ሠራተኞች ነበሩ። ሚስትየዋ ጓዳችን መሐል ቆማ ክንዷን ዘርግታ «አልጋው እዚህ አይገባም» አለች፤ ባልየው «አልጋውን እንቀይራለና» አለ፤ እሷም «አንተን ብንቀይር ይቀለናል» አለችው። ቧንቧ ከአልጋ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላወቅኩም። ትምህርቴን አቋርጬ ስለነበር ያመለጠኝ ምዕራፍ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እነሱም፣ እርስዎም እኔ ፊት እንደ ልብ ታወሩ ነበር። ግድግዳ ፊት ማን ተጠንቅቆ ያወራል?

ሦስተኛ። ይኼኛው አጭር ነው፤ ለመጻፍ ግን ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

አንድ ማለዳ ትምህርት ቤት ስሄድ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ማስታወቂያ ማንበብ ስለምወድ ቆምኩ። «ሞቅ ያለ ሰፈር፤ ሁሉም ነገር በእግር የሚደረስበት» ይላል፤ ደስ አለኝ፣ ጎረቤት ሊመጣልን ነው ብዬ። ቀጥሎ «ብርሃን የሚገባበት፣ አበባ ያለው በረንዳ፣ መተላለፊያው መብራት ያለው፣ እጅግ ጸጥተኛ» ይላል። ሥሩ ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ አንድ የደንብ ልብስ ሹራብ ይታያል። ሹራቡን አወቅኩት። ለብሼው ነበር።

በፎቶው ጥግ ደግሞ አንድ ክርን አለ። ክርኑም የእኔ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የማስታወቂያ አጻጻፍዎን አደንቃለሁ፤ ጥቂት ማረሚያ ብቻ ቢፈቅዱልኝ። የበረንዳው አበባ የእናቴ ነው፤ በባዶ የቀለም ጣሳ ተክላው፣ ልብስ ስትተኩስ በምትረጨው ውሃ የምታጠጣው ነው። የመተላለፊያውን አምፖል የገዛችው እናቴ ናት፤ ወንበር ላይ ቆሞ ያሰረው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እርስዎ ያን ዕለት እግረ መንገድዎን መጥተው «ጎበዝ! አሁን ቤት መሰለ» ብለዋል። ብርሃኑ የራሱ የብርሃኑ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ጸጥታው ግን እኔ ነኝ። እኛ ከወጣን ይዤው ነው የምወጣው፤ ለሚመጡት ሰዎች አብሮ የሚከራይ ዕቃ አይደለም።

ለእናቴ ነገርኳት። እሷም እርስዎን በትሕትና ጠየቀችዎት። «ኧረ በስማም! እናንተን ማን ያስወጣል? እግረ መንገዴን ገበያውን ልየው ብዬ ነው እንጂ» አሏት። እናቴ አመነችዎት። ሰው ማመን ስፌት አይደለም፤ ሲጠብ ተፈትቶ አይሰፋም።

አራተኛው ቅሬታ የእኔ ሳይሆን የእርስዎ ነው፤ ስለ እኔ ያቀረቡት። እውነቱን ከእኔም ወገን ቢሰሙት ብዬ እዚህ አስገባሁት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ክር ልትገዛ ወርዳ ሳለ በቁልፍዎ ከፍተው ገቡ። ከኋላዎ አንዲት ባለታኮ ጫማ ያደረገች ሴትና ባሏ ነበሩ። እኔን ሲያዩ ትንሽ ደንገጥ ብለው «አይዞሽ፣ የቧንቧ ሠራተኞች ናቸው» አሉኝ። ከዚያ ስልክዎ ጠራና ወደ መተላለፊያው ወጡ። ሴትየዋ ደግ ፊት ነበራት። ወደ እኔ ዞር ብላ «እህቴ፣ ውሃው እንዴት ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ወር እንደጠበቅኩት እርስዎ አያውቁም። የቧንቧ ሠራተኛ ስለ ውሃ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። አፌ እንዴት እንደተከፈተ እኔም አላውቅም። ወጥ ቤት ወስጄ ባልዲውን አሳየኋት። «ከዚህ ያፈሳል፤ ከዚህም ያፈሳል፤ ይሄኛውን ጨርቅ አስረንበታል፣ ሲፈቱት ዓይንዎን ይጠብቁ» አልኳት። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ እርጥበት፣ ውሃው ሲመጣ ቧንቧው እንደ ሰው የሚያስለውን ሳል፣ የሽንት ቤቱን ማውረጃ፣ ሁሉንም በተራ አስጎበኘኋት። ሥራውን አንድ ጊዜ ይጨርሱት፣ ደግመው ደረጃ እንዳይወጡ ብዬ ነበር። ባሏ ጎንበስ ሊል ሲል ባልዲው መሙላቱን ሰማሁና «ፈቀቅ ይበሉ!» አልኩት። በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው። ፈቀቅ አለ። ሴትየዋ ግን አልሰማችም፤ ባለታኮ ጫማዋ ውሃው ውስጥ ገባ።

«እኛ እኮ ቤት ልናይ ነው የመጣነው» አለችኝ፣ እግሯን እያራገፈች። እኔም «ቤቱማ በጣም ጥሩ ነው፤ ሰፈሩን የመሰለ የለም» አልኳት፤ እውነቴን ነው። «ታዲያ እናንተ ለምን ትለቃላችሁ?» አለችኝ። «እንደምንለቅ አልሰማንም» አልኳት። ይኼም እውነቴን ነበር። ሴትየዋ ባሏን አየችው፤ ባሏ እርጥቡን ጫማ አየው። ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አመሰግናለሁ፣ የኔ እህት» ብላኝ ወረደች። እርስዎም «ቆዩ እንጂ! በረንዳውን አላያችሁም እኮ!» እያሉ ከኋላቸው ወረዱ።

እናቴ ስትመለስ ታች ጠብቀው «ልጅሽ አፈኛ ሆናለች። ያመጣሁትን ሰው በምላሷ አባረረችብኝ» አሏት። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ አያለሁ፣ እሰማለሁ። ልብ ብለው ማየት ነበረብዎት እንጂ፣ የእናቴ ፊት ምን እንደሆነ ቃል አላገኝለትም። የገዛችውን ክር ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «እስቲ ይድገሙልኝ። ማን ተናገረች?» አለችዎት። እርስዎ ቁጣ መስሎዎት «ልጅሽ ናታ!» አሉ። «ምን ምን አለች?» አለችዎት። እርስዎም ሳያውቁት የተናገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት፤ የቧንቧውን ሳል እንኳ አልዘለሉም። እናቴ ስለ እኔ እንዲህ ያለ ስሞታ ሰምታ አታውቅም። ደረጃውን እየሳቀች ወጣች፤ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች፤ ምክንያቱም በስተመጨረሻ ያሏት ነገር ትዝ አላት። «እንግዲህ ትምህርት እስኪዘጋ ቤት ፈልጉ» ብለዋታል።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፦ «ተከራዮች ቤት ለማየት ከሚመጡ እንግዶች ጋር ማውራት ክልክል ነው።» ቀድሞ አፍ የላትም፣ አሁን ደግሞ አፈኛ። ከሁለቱ መሐል አንድ ልክ የሆነ አፍ ካለ መጠኑን ቢነግሩን እናቴ ለክታ ትሰፋልኛለች።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ራሴ መከላከያ አንድ ቃል ብቻ። ሴትየዋን የቧንቧ ሠራተኛ ናት ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ያመንኩት እርስዎን ነው። አከራይን ማመን ጥፋት ከሆነ፣ እሱም ሰሌዳው ላይ ይጻፍልን።

አሁን ጨዋታውን ትቼ የምጠይቀውን ልጠይቅ። ከዚህ ብንወጣ በእናቴ አቅም የሚገኘው ቤት ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ ጫፍ ማለት ታክሲ ነው፤ ታክሲ ማለት ያቺ ሁለት ቃል ናት። እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም። ባለታኮዋን ሴት ያነጋገርኩ ዕለት ማታውኑ ታክሲ ተሳፍሬ ሞከርኳት፤ ለባልዲ የወጣው ድምፅ ለታክሲ አልወጣም። ትምህርቴን እንደገና ማቋረጥ አልፈልግም። ነገሩ ይኼው ነው፤ ሌላ ወርቅ የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ አይቻለሁ፤ ግድግዳ ብዙ ያያል። እግረ መንገድዎን ሲመጡ ቧንቧውን የሚያዩት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቀመጡና ወደ ታች ያያሉ። የሚሄደውን፣ የሚመጣውን፣ ብርቱካን የሚመርጠውን፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ በመስተዋት የሚገረመውን። አንዳንዴ ለራስዎ «እዩት እንግዲህ ይሄን ሁሉ ሰው» ይላሉ። እናቴ እንደነገረችኝ የሚኖሩት ከከተማው ጫፍ ነው፤ ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብዎታል። ከዚያ ድረስ በታክሲ ነው የሚመጡት። «ወራጅ አለ» ማለት ይችላሉ ማለት ነው፤ እቀናብዎታለሁ። ግን ይመስለኛል፣ እግረ መንገድዎ ወደ ጣሪያው አይደለም። ወደዚያች ወንበር ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነው። ውሉ ይታደስልን። ቧንቧ የሚያውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ይምጣልን፤ ከረባት ባያስርም ቅር አንሰኝም። ወንበሯ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች፤ ሹራቤን አነሣልዎታለሁ። እርስዎ ከውጭ በኩል ያንኳኩ፤ እኔ እከፍታለሁ። የማወራዎት ላይኖረኝ ይችላል፤ አብሮ መንገድ ማየት ግን እችልበታለሁ።

ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ አልቀየምም። እንግዶችዎን እንደ በፊቱ ማምጣት ይችላሉ። ማስታወቂያዎን አከብራለሁ፤ ቤት ለማየት ከሚመጡ እንግዶች ጋር አንዲት ቃል አላወራም። የቧንቧ ሠራተኞችን ግን ማስታወቂያው አይመለከትም። በእርስዎ አባባል ደግሞ እኛ ቤት የሚመጣው ሁሉ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ባልዲውን ላላሳየው አልችልም።

ከዕቃ ማጠቢያው ሥር እስከ በረንዳው ጣሳ ድረስ ያለን ሁሉ የአክብሮት ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ጉልበትዎ አይድከም፣ መንገድዎ ይቅና፣ ቁልፍዎ አይጥፋ እያልን እንሰናበታለን።

ከታላቅ ትሕትና ጋር፣
የሦስተኛ ፎቋ አፍ የለሽ፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አፈኛ

ግልባጭ፦
ለጫማ ሰፊው፤ ለመለጠፊያው ማስቲሽ ከምስጋና ጋር
ለፀጉር አስተካካዩ፤ ለሚላጭ ሰው ሁሉ እንዲያነብለት
ለባለታኮዋ የቧንቧ ሠራተኛ፤ ጫማዋ ደርቆ እንደሆነ
ለእናቴ፤ ከመለጠፉ በፊት ያላሳየኋት እንዳትከለክለኝ ብዬ ነው፤ ይቅርታ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ያን ዕለት ባልና ሚስቱን ሲከተሉ ቸኩለው ነበርና ቁልፍዎን በራችን ላይ እንደተሰካ ትተውት ወርደዋል። ደህና ነው፣ አይስጉ። ጫማ ሰፊው ጋ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ለእሳትና ለጎርፍ ብቻ እንዲሰጡዎት አደራ ብዬ። ለሌላው ጊዜ ግን በሩ አለልዎት። እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ መጥተው አንኳኩተው «ወራጅ አለ?» ብለው ከጠየቁን መልሱን ከአሁኑ ተለማምጄዋለሁ። ይኼኛው እንደዚያኛው ሁለት ቃል አይደለም፤ አንድ ብቻ ነው፣ ጮክ ብዬም ነው የምለው፦ የለም።